ጥይት ለምን ይከሽፋል? ስለ ካፕሱልና ስለ መግጠሚያ መሣሪያው

በግቢያችን ውስጥ «ከሸፈ» የሚለው ቃል ሳይነገር የሚውልበት ቀን የለም። ፈተናው ከሸፈ፣ ስብሰባው ከሸፈ፣ የእገሌና የእገሊት ነገር ከሸፈ ይባላል። የቃሉ ባለቤት ግን ነፍጥ ነው። ቃታው ተስቦ፣ መርፌው ወርዶ ከመታ በኋላ «ቀጭ» ብሎ ዝም ሲል ጥይቱ ከሸፈ ይባላል። እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ቃሉን ለቅኔም ለነቀፋም ስንጠቀምበት፣ በእውነተኛው ጥይት ውስጥ የሚከሽፈው ምኑ እንደሆነ ሲጠይቅ የሰማሁት የለም።

አብዛኛውን ጊዜ የሚከሽፈው ካፕሱሉ ነው። ካፕሱል የምላት በጥይቱ ቂጥ መካከል የምትታየውን፣ ከትንሽ ሸሚዝ ቁልፍ እንኳ የምታንሰውን ክብ የብረት ክዳን ነው። ይህ ጽሑፍ ስለ እርሷና እርሷን በቦታዋ ስለሚያስገባው የእጅ መሣሪያ ነው። ነገሩ ጥቃቅን መስሎ የሚታየው አንባቢ ትንሽ እንዲታገሠኝ እለምናለሁ። ስለ ሚዛን ተፈሪ፣ ስለ ቴፒና ስለ ማጂ አገር ታሪክ ስናጠና ጠበንጃ ስንት ገባ፣ ማን ሸጠ፣ ማን ገዛ የሚለውን እናነባለን። አንድ ጊዜ የተተኮሰ ጥይት በምን ዓይነት እጅና በምን ዓይነት መሣሪያ እንደገና ነፍስ እንደሚዘራ ግን አንማርም። ከፋብሪካና ከባሕር በር ርቆ ለሚኖር ሰው ደግሞ ይህ ዋናው ጥያቄ ነበር።

በመጀመሪያ ጥይት ምን እንደሆነ እንለይ። ሙሉ ጥይት አራት ነገሮች አሉት፤ ከናስ የተሠራው ቀለህ፣ በውስጡ ያለው ባሩድ፣ ከአፉ ላይ የተሰካው እርሳስ፣ ከቂጡ የተገጠመው ካፕሱል። መርፌው ካፕሱሉን ሲመታ በውስጡ ያለው ፈንጂ ቅመም በክዳኑና በመስፉ መካከል ይደቆሳል። መስፍ ስል ቀጥቃጭ ብረቱን የሚያሳርፍበትን ዓይነት ማለቴ ነው፤ በካፕሱሉ ያለው መስፍ ግን የምስር ፍሬ አያህልም። የተደቆሰው ቅመም እሳት ይተፋል፤ እሳቱ በትንሽ ቀዳዳ አልፎ ባሩዱን ያነዳል፤ ባሩዱ በጋዝ ኃይል እርሳሱን ይገፋል። እንግዲህ በመርፌውና በባሩዱ መካከል ያለው ድልድይ ይህ ካፕሱል ነው። ድልድዩ ከተበላሸ ባሩዱ የቱን ያህል ደረቅ ቢሆን፣ እርሳሱም የቱን ያህል ቀጥ ቢል የሚጠቅመው ነገር የለም።

የዚህ ቅመም ታሪክ ረጅም አይደለም። እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ሃዋርድ እ.ኤ.አ. በ1800 ፉልሚኔት የተባለውን የሜርኩሪ ጨው አሠራር ገለጠ። ከእርሱ በኋላ እስኮትላንዳዊው ቄስ አሌክሳንደር ፎርሳይት እ.ኤ.አ. በ1807 በምት ስለሚቀጣጠል የጠበንጃ አሠራር የፈጠራ መብት አገኘ። ቄሱን ለዚህ ያነሣሣው የዳክዬ አደን ነበር ይባላል። የድንጋይ ክብሪቱ ብልጭ ሲል ዳክዬዎቹ እያዩ ይሸሹበት ነበርና። ለሰው ልጅ መተላለቂያ የሆነ ነገር ከዳክዬ ተነሣ ማለት ነው።

በኋላ ካፕሱሉ ከቀለሁ ጋር ሲዋሐድ ሁለት ዓይነት አሠራር መጣ። ሁለቱም የወጡት እ.ኤ.አ. በ1866 ገደማ ነው። አሜሪካዊው ሃይረም በርዳን መስፉን ከቀለሁ ጋር አንድ አድርጎ፣ ከካፕሱሉ ጉድጓድ ወለል ላይ ጉብ እንዲል አደረገ፤ የእሳት ቀዳዳዎቹንም አብዛኛውን ጊዜ ሁለት አድርጎ በመስፉ ግራና ቀኝ አስቀመጣቸው። እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ቦክሰር ደግሞ መስፉን በካፕሱሉ ውስጥ ከትቶ፣ በቀለሁ መካከል አንድ ቀዳዳ ብቻ ተወ። የሚያስገርመው በኋላ አሜሪካ የእንግሊዛዊውን፣ አብዛኛው አውሮፓ ደግሞ የአሜሪካዊውን አሠራር መያዙ ነው።

ልዩነቱ ተራ የፋብሪካ ጉዳይ ይመስላል፤ ጥይት እንደገና ለሚሞላ ሰው ግን የሌሊትና የቀን ያህል ነው። በቦክሰር አሠራር የተተኮሰውን ካፕሱል ለማውጣት ቀጭን ዘንግ በቀለሁ አፍ አስገብቶ በመካከሉ ቀዳዳ መግፋት ይበቃል። በበርዳን አሠራር ግን ዘንጉ መስፉን ያገኛል፤ ቀዳዳዎቹ በጎን ናቸው። ስለዚህ አሮጌው ካፕሱል ከውጭ በኩል በሹል ነገር ተነቅሎ፣ ወይም ቀለሁ ውኃ ተሞልቶ በውኃው ግፊት ተገፍቶ ነው የሚወጣው። በሹል ነገር የሚነቅል ሰው እጁ ከሳተ መስፉን ይሰብራል፤ መስፉ የተሰበረ ቀለህ ከዚያ በኋላ ለጌጥ ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በኢትዮጵያ ምድር «ውጅግራ» የተባለው ጠበንጃ ስሙን ያገኘው ከፈረንሳይኛው «ፉዚል ግራ» ነው። የፈረንሳይ ጦር ሠራዊት እ.ኤ.አ. በ1874 የተቀበለው፣ አፈሙዙ 11 ሚሊሜትር የሆነ፣ አንድ በአንድ የሚጐርስ ጠበንጃ ነበር። ጥይቱ 25 ግራም ገደማ የሚመዝን እርሳስና 5 ግራም ከሩብ ያህል ጥቁር ባሩድ ይይዛል። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1886 ጭስ አልባ ባሩድ የሚተኩሰውን ለቤል የተባለውን ጠበንጃ ሲያወጡ፣ ውጅግራ በአውሮፓ አሮጌ ዕቃ ሆነ፤ አሮጌ ዕቃ ደግሞ ገበያ ይፈልጋል። ከጅቡቲና ከታጁራ በኩል የጠበንጃ ነጋዴው ጐረፈ። ግጥም መጻፉን የተወው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1887 ለንጉሥ ምኒልክ ሊሸጥ ጠበንጃ ጭኖ እንጦጦ መድረሱን የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ሁሉ ያውቁታል። ያመጣው ግን ከውጅግራም የባሰ ጊዜ ያለፈበት መሣሪያ ነበር፤ በንግዱም አልተደሰተም።

የከፋ ዘመቻ በ1889 ዓ. ም. ከተጀመረ በኋላ ነፍጡ ወደ ደቡብ ምዕራብ ደን ዘለቀ። በጊሚራ፣ በሸካና በማጂ የሰፈረው ወታደር ደመወዙን ያገኝ የነበረው ከገባሩ ጉልበትና ምርት ነው፤ ያንን ሥርዓት ያቆመውም ነፍጥ ነበር። የዝሆን ጥርስና ባሪያ ከዚያ አገር ይወጣል፤ ጠበንጃና ጥይት ይገባል። ከማጂ ተነሥቶ ወደ ድንበሩ የሚሻገረው ነፍጥ የእንግሊዝ ቅኝ ገዥዎችን ብዙ አስጨንቋል፤ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በማጂ የእንግሊዝ ቆንስላ የተቀመጠውም ከዚሁ የድንበር ጣጣ ጋር በተያያዘ ነው። በባሮ ወገን ያሉት አኙዋኮችም ውጅግራ ታጥቀው በ1904 ዓ. ም. የእንግሊዝና የግብፅን ዘማች ጦር ክፉኛ መትተዋል። ጠበንጃ የያዘውና ጦር ብቻ የያዘው ሰው በአንድ የደን መንገድ ላይ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ማብራራት አያስፈልግም። ነገር ግን የጠበንጃው ባለቤት ጌትነቱ የሚጸናው ጥይቱ እስከተኮሰለት ድረስ ብቻ ነው። ከከሸፈበት ጦሩ የቀደመ ነው።

ጥይት በዚያ ዘመን መተኮሻ ብቻ አልነበረም። ከማርትሬዛ ብርና ከአሞሌ ጨው ጋር በገበያ እንደ ዝርዝር ገንዘብ ይዘዋወር እንደነበር ሪቻርድ ፓንክረስት ጽፈዋል። እስቲ የኢኮኖሚክስ ተማሪ የሆነ ጓደኛችን ያስብበት፤ ገንዘቡን ራሱን ተኩሰህ ታጠፋዋለህ፤ ከተኮስኸው በኋላ ደግሞ ቀለሁን አንሥተህ እንደገና «ታትመዋለህ»። በገበያ የተቀበልሃት ጥይት ከፋብሪካ የመጣች ትሁን ወይም በጎጆ የተሞላች ትሁን ሳትመረምር ከወሰድህ የከሰርኸው አንተ ነህ። ገንዘብ ከሸፈ ማለት እዚህ ላይ ቃል በቃል እውነት ነው።

ለመሆኑ በጎጆ የሚሞላው እንዴት ነው? ከአራቱ ነገሮች ሦስቱ አያስቸግሩም። ናሱ አለ፤ የወደቀውን ቀለህ ከሣር ውስጥ ፈልጎ ማንሣት ነው። እርሳስ በትንሽ እሳት ይቀልጣል፤ ከተተኮሰበት ዛፍ ተፈልፍሎም ይወጣል። ባሩድም በአገር ቤት ይሠራ እንደነበር በ19ኛው መቶ ዓመት ኢትዮጵያን ያዩ መንገደኞች መስክረዋል፤ ድኙ ከቆላ ይመጣል፣ ከሰሉ ከቀላል እንጨት ይከሰላል፣ የባሩድ ጨው ከአፈር ይጣራል። አራተኛው፣ ማለት ካፕሱሉ፣ ግን በጎጆ የሚሠራ አልነበረም። ቅመሙ ኬሚስት ይፈልጋል፤ የሚቀምመውንም ሰው እጅና ዓይን ይበላል። ክዳኑ በማሽን ካልተመታ ልኩ አይገኝም። ስለዚህ ካፕሱል ከባሕር ማዶ በቆርቆሮ ተዘግቶ ይመጣል እንጂ ሌላ መንገድ የለውም። ይኸውም በመሆኑ በዚህ ሁሉ የመሙላት ሥራ ውስጥ ከፍተኛው ጥንቃቄ የሚገባው ለዚህ ለማይተካው ነገር ነው። ባሩድ ቢፈስ ሌላ ይሠራል፤ እርሳስ ቢጣመም እንደገና ይቀልጣል። በመጥፎ መሣሪያ የተጨፈለቀ ካፕሱል ግን ከማርሴይ ጀምሮ የተከፈለበት ቀረጥና ጭነት ሁሉ አብሮ ተጨፍልቋል።

እዚህ ላይ አንድ ብዙ ጊዜ የማይነገር ነገር ልጨምር። ውጅግራ ከምንሽርና ከለቤል ያረጀ ሆኖ ሳለ በአገራችን ይህን ያህል ዘመን መቆየቱን የድህነት ምልክት ብቻ አድርገው የሚያዩት አሉ። እኔ ግን ምክንያት ያለው ምርጫም ነበር እላለሁ። ጥቁር ባሩድ ይቅር ባይ ነው፤ ትንሽ ቢያንስ ወይም ትንሽ ቢበዛ ጠበንጃው ይችለዋል። ጭስ አልባው ባሩድ ግን በሚዛን ካልተለካ አፈሙዝ ይቀዳል፤ በጎጆም አይሠራም። ስለዚህ ፋብሪካ በሌለበት አገር አሮጌው ጠበንጃ ከአዲሱ የተሻለ አገልጋይ ነው። አዲሱ ጠበንጃ ጥይቱ ካለቀ ዱላ ነው። በ1928 ዓ. ም. በጣሊያን ላይ ከዘመቱት መካከል ውጅግራ የያዙ ብዙዎች የነበሩትም በከፊል በዚህ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም።

ወደ መሣሪያው እንምጣ። አዲሱን ካፕሱል በጉድጓዱ ውስጥ የማስገባት ሥራ ለዓይን ቀላል ነው፤ አንድ ክብ ነገር በአንድ ክብ ቀዳዳ ውስጥ መግፋት ነው። አስቸጋሪው ልኩ ነው። ካፕሱሉ የመስፉ እግር ከጉድጓዱ ወለል እስኪነካ ድረስ መግባት አለበት፤ ፊቱም ከቀለሁ ቂጥ ጥቂት ዝቅ ማለት አለበት። ይህ «ጥቂት» ከ0.08 እስከ 0.13 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ ይህ መጽሔት የተባዛበት ወረቀት ውፍረት ማለት ነው። አንድ ወረቀት!

ከዚህ ልክ ከጐደለ፣ ማለት ካፕሱሉ ከፍ ብሎ ከቀረ፣ ሁለት ክፉ ነገሮች አሉ። አንደኛው አደጋ ነው፤ የጠበንጃው መዝጊያ ሲገፋ ያበጠችውን ካፕሱል ይጫናታል፤ ያልታሰበ ተኩስም ሊመጣ ይችላል። ሁለተኛው መክሸፍ ነው፤ ብዙ ሰው የማያውቀውም ይህንን ነው። መርፌው ሲመታ ካፕሱሉ ገና መሬት ስላልያዘ የምቱ ኃይል ቅመሙን በመደቆስ ፈንታ ካፕሱሉን ወደ ውስጥ በመግፋት ያልቃል። «ቀጭ» ይላል፤ አይተኩስም። ያው ጥይት ሁለተኛ ሲመታ ብዙ ጊዜ ይተኩሳል፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው ምት ሠራተኛው ያልጨረሰውን ሥራ ጨርሶለታል። ባለቤቱ «ጥይቱ ክፉ መንፈስ አለበት» ሊል ይችላል፤ ያለበት ግን የወረቀት ውፍረት ያህል ስሕተት ነው።

ከልኩ ካለፈም ችግር ነው። ካፕሱሉ ከመጠን በላይ ሲጨፈለቅ በውስጡ ያለው የደረቀ ቅመም ይሰነጠቃል፣ ይበተናል፤ በመስፉና በክዳኑ መካከል የሚደቆስ ነገር አይቀርም። ወይም ደግሞ ያን ጊዜውኑ በሠራተኛው እጅ ላይ ይፈነዳል። ጠማማ ሆኖ የገባም እንዲሁ ነው፤ አንዱ ጐኑ ይጨፈለቃል፣ ሌላው ጐኑ ይንሳፈፋል።

መሣሪያው የሚመረጠው እንግዲህ በአንድ ጥያቄ ነው፤ ካፕሱሉ ወለሉን ሲነካ እጄ ያውቃል ወይስ አያውቅም?

ከሁሉ ጥንታዊው መሣሪያ መዶሻ ነው። ቀለሁን በእንጨት ላይ አቁሞ፣ ካፕሱሉን አፉ ላይ አስቀምጦ፣ ጠፍጣፋ ዘንግ ደግፎ መምታት። ይህ የድሀ አገር ዘዴ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካ ሪቻርድ ሊ የተባለው ሰው እ.ኤ.አ. በ1958 ያወጣው ርካሽ የመሙያ ዕቃ ካፕሱሉን የሚያስገባው በመዶሻ ነው፤ ብዙ ሺህ አዳኞች በኩሽና ጠረጴዛቸው ላይ ተጠቅመውበታል፤ ብዙዎችም ካፕሱል በፊታቸው ጮኾባቸው ደንግጠዋል። መዶሻ የሚነግርህ መምታትህን ነው። ካፕሱሉ ወለሉን ሲነካ ቢነግርህም፣ የሚነግርህ ካለፈ በኋላ ነው። በዚያ ላይ ምት ራሱ ካፕሱል እንዲፈነዳ የተፈጠረበት ምክንያት ነው። በምት የሚነሣን ነገር በምት ማስገባት ክብሪትን በእሳት እንደማድረቅ ነው። ሌላ ካለ መዶሻን አልመርጥም።

ሁለተኛው በጠረጴዛ ላይ በብሎን የሚታሰረው ትልቁ መጭመቂያ ነው። ረጅም ማንሻ ስላለው ኃይሉ ብዙ ነው፤ ቀለሁን ለማስተካከልና እርሳሱን ለመትከል ተወዳዳሪ የለውም። ለካፕሱል ግን ኃይሉ ራሱ ጠላት ነው። ማንሻው ሲረዝም ክንድህ የማይሰማህን ያህል ኃይል ጫፉ ላይ ይወርዳል፤ ካፕሱሉ ወለሉን ነክቶ አልፎ እስኪጨፈለቅ አንተ አልተሰማህም። ትንሽ ሥራ በትልቅ ክንድ መሥራት በመኪና ጋሪ መጐተት ነው።

ሦስተኛው በመዳፍ ውስጥ የሚያዘው የእጅ መሣሪያ ነው። ጥንቱ ጉጠት መሰል ነበር፤ በአሜሪካ ጆን ባርሎ የተባለው ሰው እ.ኤ.አ. ከ1884 ጀምሮ «አይዲያል» በሚል ስም ሲሠራው የነበረው ሁለት እጀታ ያለው ዕቃ የዚህ ዘር ነው። ለውዝ መስበሪያ ይመስላል። ዛሬ ያሉት ደግሞ አንድ እጀታና አንድ አውራ ጣት የሚጫነው ማንሻ ያላቸው ናቸው፤ ሊ፣ አር ሲ ቢ ኤስ፣ ሲንክሌርና ሌሎችም ይሠሯቸዋል። ማንሻው አጭር ስለሆነ የጣትህ ኃይልና የካፕሱሉ ተቃውሞ ይገናኛሉ። መጀመሪያ ካፕሱሉ የጉድጓዱን አፍ ሲያገኝ ትንሽ ይንገራገራል፤ ከዚያ እኩል በሆነ መጥበብ ይንሸራተታል፤ ወለሉን ሲነካ ድንገት ይቆማል። ይህን ሦስት ደረጃ ጣት ያነበዋል። ባለ ሥራው ዓይኑን ጨፍኖ ይህኛው ቀለህ ጉድጓዱ ላልቷል፣ ያኛው ቆሻሻ አለበት ሊል ይችላል። እኔ ከሦስቱ የምመርጠው ይህንን ነው፤ ጥቂት ጥይት በጥንቃቄ ለሚሠራ ሰው ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ከእጅ መሣሪያዎችም ውስጥ ምርጫ አለ። አንዳንዶቹ ከላያቸው ትሪ አላቸው፤ መቶ ካፕሱል ትደፋበትና እየነቀነቅህ አንድ በአንድ ይወርዱልሃል። ሥራው ይፈጥናል። ነገር ግን በትሪው ላይ ያሉት ካፕሱሎች ጐረቤታሞች ናቸው፤ ከታች አንዱ ቢፈነዳ እሳቱ ወደ ሌሎቹ ሊዛመትና ሁሉም በአንድ ጊዜ ሊነሡ ይችላሉ። ጥሩ ሠሪዎች በትሪውና በመግፊያው ዘንግ መካከል የብረት መከለያ የሚያደርጉት ለዚህ ነው። መከለያ የሌለውን ትሪ እኔ በነፃ ቢሰጡኝ አልወስድም። በእጅ አንድ በአንድ የሚጐርሰው አዝጋሚ ነው፤ የዒላማ ውድድር ተኳሾች ግን የሚመርጡት እርሱን ነው፤ ምክንያቱም ሲፈነዳ የሚፈነዳው አንድ ብቻ ነው።

ሌላው የመያዣው ልክ ነው። መሣሪያው የቀለሁን ከንፈር በጠባብ ካልያዘ ቀለሁ ይዘነበላል፤ ካፕሱሉም ጠማማ ይገባል። የውጅግራ ቀለህ ከንፈሩ ሰፊ ስለሆነ ለዛሬ ጥይቶች የተሠራ ትንሽ መያዣ አይይዘውም። የመግፊያው ዘንግ ፊት ጠፍጣፋና ከካፕሱሉ ጋር እኩል ስፋት ያለው መሆን አለበት፤ ጠባብ ከሆነ ካፕሱሉን መካከሉ ላይ ያጐድጉደዋል። የካፕሱል ስፋትም እንደ አሠራሩ ይለያያል። በቦክሰር በኩል ለተለመዱት የጠበንጃና የሽጉጥ ጥይቶች ሁለት ልክ ብቻ አለ፤ 4.45 እና 5.33 ሚሊሜትር። በበርዳን በኩል ግን ልኩ ብዙ ነው። የበርዳን ቀለህ ይዞ ለቦክሰር የተሠራ መሣሪያ የገዛ ሰው ገንዘቡን ወደ ባሮ ወርውሯል።

ጥሩ መሣሪያም ቢሆን የቆሸሸ ጉድጓድን አይፈውስም። ጥቁር ባሩድ ሲነድ ብዙ አመድ ይተዋል፤ አመዱ በጉድጓዱ ወለል ላይ ከተጋገረ አዲሱ ካፕሱል ወለሉን የነካ ይመስለዋል እንጂ አልነካም። ስለዚህ ቀለሁ በሙቅ ውኃ መታጠብ፣ መድረቅ፣ ጉድጓዱም መጠረግ አለበት። በእጅ ላይ ያለ ቅባትም ጠላት ነው፤ ዘይት ወደ ካፕሱሉ ውስጥ ከሰረገ ቅመሙን ያሞተዋል። ቅቤ የነካ እጅ፣ ጠበንጃ የወለወለ እጅ፣ ካፕሱል አይንካ።

የደቡብ ምዕራቡ አየር ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። በሚዛንና በቴፒ ዝናቡ አብዛኛውን ዓመት አይለይም፤ ጭጋጉም ከደኑ አይነሣም። የቡና ሰው ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ቡናው እርጥበቱ 12 በመቶ አካባቢ እስኪደርስ በአልጋ ላይ ደርቆ ከገባ በኋላ እንኳ፣ መጋዘኑ ካፈሰሰ ወይም ጆንያው መሬት ከነካ እርጥበት መልሶ ይጠጣል፤ ይሻግታል። ካፕሱልም እንዲሁ ነው። ቆርቆሮው አንድ ጊዜ ከተከፈተ በዚያ አየር ውስጥ መድከም ይጀምራል። በአሮጌው ዘመን ቅመም ውስጥ የነበረው ክሎሬት የተባለ ጨው ከተተኮሰ በኋላ አፈሙዝ ውስጥ ሌላ ጨው ትቶ ያልፋል፤ ያም ጨው እርጥበት እየሳበ ብረቱን ያዝገዋል። ዘይት ይህን ጨው አያሟሟውም፤ ሙቅ ውኃ ግን ያወጣዋል። ጠበንጃን በውኃ ማጠብ ሞኝነት የሚመስለው ሰው ካለ የኬሚስትሪ ተማሪ ጓደኛውን ይጠይቅ። እንዲያውም የቡና ገበሬው ቡናውን የሚጠብቅበት ጥበብ፣ ማለት ከመሬት ከፍ ማድረግ፣ መዝጋት፣ አለመነካካት፣ ለካፕሱልም የሚበቃ ነበር።

ምናልባት አንዳንድ አንባቢ «ይህ ሁሉ ለኛ ምን ይረባናል? ጥይት ልንሞላ ነው ወይ?» ይል ይሆናል። አንሞላም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ የሚደረግን የጦር መሣሪያ ሥራ ይከለክላል፤ ማደሪያ ክፍላችንም ለዚህ የሚመች አይደለም። ይህን የጻፍሁበት ምክንያት ሌላ ነው። በ1922 ዓ. ም. ነሐሴ ወር ኢትዮጵያ ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከጣሊያን ጋር የጦር መሣሪያ ማስገባትን የሚደነግግ ውል ስትፈርም፣ በ1927 ዓ. ም. ደግሞ ጣሊያን በድንበራችን ጦር ስታከማች እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ እንዳይሸጥ ሲያግዱ፣ የተነካው ይኸው ነጥብ ነበር። እገዳው በወረቀት ላይ እኩል ነው። ጣሊያን ግን የካፕሱል ፋብሪካ ነበራት። እኛ የነበረን የናስ ቀለህ፣ እርሳስና ብልህ እጅ ነው። የዓለም አቀፍ ግንኙነት መምህራን «እኩል የሆነ እገዳ» ሲሉ ተማሪው ካፕሱሉ የማን እንደሆነ ቢጠይቅ መልካም ይመስለኛል።

በመጨረሻ ለዕረፍት ወደ ሚዛን፣ ወደ ቴፒ፣ ወደ ማጂና ወደ ቦንጋ የምትሄዱ፣ በሽማግሌ ቤት ከሣጥን ሥር ወይም ከግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ የናስ ቀለህ ካገኛችሁ ቂጡን ወደ ብርሃን አዙራችሁ ተመልከቱ። በዙሪያው የፋብሪካው ፊደልና የተሠራበት ዓመት ተቀርጾ ሊሆን ይችላል። የካፕሱሉ ብረት ከቀለሁ ጋር በቀለም ካልተስማማ፣ በጉድጓዱ ጠርዝ ላይ የሹል ነገር ጭረት ካለ፣ የቀለሁም አፍ ከመደጋገም ብዛት ከተሰነጠቀ፣ ያ ቀለህ ከአንድ ጊዜ በላይ ሞቶ የተነሣ ነው። ካፕሱሉ መካከሉ ላይ የመርፌ ምት ካለው ተመትቷል ማለት ነው፤ ምት ከሌለው ግን ሕያው ነው ብላችሁ ያዙት። እርሳሱ ወልቆ፣ ባሩዱ ፈስሶ ባዶ ሆኖ ቢታያችሁም ካፕሱሉ ብቻውን ጣት ይወስዳል። በምስማር አትንኩት፤ በእሳት አጠገብም አታስቀምጡት፤ ለልጅም አትስጡ።